የጆን ዌስሊ ታሪክ

ጆን ዌስሊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1703 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ኤፕዎርዝ በምትባል አነስተኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ የዚያው ደብር ቄስ ነበር። በአምስት ዓመቱ ቤታቸው በሌሊት ሲቃጠል እርሱ በፎቅ ላይ ቀርቶ ነበርና፥ አንድ ሰው በሌላው ትከሻ ላይ ቆሞ በመስኮት አወጣው፤ ወዲያውም ጣራው ተደረመሰ።

ካደገ በኋላ በኦክስፎርድ ተምሮ በ1728 ቅስና ተቀበለ። በዚያም ከወንድሙ ከቻርልስና ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር ማኅበር ገብቶ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾም፥ እስረኞችንም ይጠይቅ ነበር። ይህ ጾም ለኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ የኦክስፎርድ ተማሪዎች ግን ይሥቁባቸው ነበር። እንግዲህ ዌስሊ በምግባሩ የሚነቀፍ ሰው አልነበረም። የጎደለው ሌላ ነው፤ እግዚአብሔር እንደ ተቀበለው በልቡ እርግጠኛ አልነበረም።

ይህም ጉድለቱ በባሕር ላይ ታወቀው። ለስብከት ወደ አሜሪካ ወደ ጆርጂያ ሲጓዝ፥ በጃንዋሪ 25 ቀን 1736 ብርቱ ማዕበል ተነሥቶ ዋናውን ሸራ ቀዳደደው፤ ውኃውም ወደ መርከቡ ገባ። እንግሊዛውያኑ በፍርሃት ሲጮኹ፥ ሞራቪያውያን የሚባሉት የጀርመን አገር ክርስቲያኖች የጀመሩትን መዝሙር ሳያቋርጡ ቀጠሉ። ዌስሊ በኋላ ፈርተው እንደ ሆነ አንዱን ቢጠይቀው፥ ሴቶቻቸውና ልጆቻቸው እንኳ ሞትን እንደማይፈሩ ነገረው። እርሱ ግን ቄስ ሆኖ ሳለ ሞትን ይፈራ ነበር።

ጆርጂያ አልቀናውም፤ በ1738 መጀመሪያ አዝኖ ተመለሰ። በለንደን ፒተር ቦለር የተባለ ወጣት ሞራቪያዊ፥ ሰው የሚድነው በሥራው ብዛት ሳይሆን በጸጋ፥ በእምነት መሆኑን ደጋግሞ አስረዳው። በሜይ 24 ቀን፥ ረቡዕ ማታ፥ ዌስሊ ሳይወድ በግድ በአልደርስጌት መንገድ ወደሚደረግ የጸሎት ጉባኤ ሄደ። በዚያ ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈው መቅድም ይነበብ ነበር። ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ (ሰዓቱን ሳይቀር በማስታወሻው መዝግቦታል) ልቡ ሲሞቅ ተሰማው፤ የክርስቶስ ሞት ለሌላው ብቻ ሳይሆን ለእርሱም እንደ ሆነ አመነ። ወዲያውም ስለ በደሉት ሰዎች ጸለየ።

ከዚያ በኋላ ጥርጥር አልነካውም ማለት አይደለም። በዚያው ሌሊት ቤቱ ሲገባ ፈተና ያዘው፤ በጃንዋሪ 1739ም ገና ክርስቲያን አለመሆኑን በማስታወሻው ጻፈ። ይህን አለመደበቁ በእኔ አስተያየት ከስብከቱ ሁሉ ይልቅ ያስመሰግነዋል። በዚያው ዓመት በብሪስቶል አጠገብ በሜዳ ላይ ቆሞ ለከሰል ቆፋሪዎች መስበክ ጀመረ፤ ከዚያም ከሃምሳ ዓመት በላይ በፈረስ፥ ሲያረጅም በሠረገላ፥ አገሩን ዞረ።

በማርች 2 ቀን 1791 በ87 ዓመቱ በለንደን ዐረፈ። በመጨረሻው ቀን ድካም ጸንቶበት ሳለ የሚወደውን መዝሙር እንደ ዘመረ በአልጋው አጠገብ የነበሩት ጽፈዋል።