ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስና የሚሰምጡ ቅንጣቶች ሕግ

ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1819 በአየርላንድ፣ በስላይጎ አውራጃ ስክሪን በተባለች የገጠር ደብር ከፕሮቴስታንት ቄስ ቤተሰብ ተወለደ። በ1837 ካምብሪጅ ገብቶ፣ በ1841 በሒሳብ ፈተና ከዓመቱ ተመራቂዎች ሁሉ አንደኛ ወጣ። በ1849 ቀድሞ ኒውተን በያዘው የሉካስ መንበር ተሾመ፤ በ1903 እስኪሞትም አልለቀቀውም።

ስሙን ያስጠራው ሕግ የተገኘው ግን ስለሚሰምጡ ቅንጣቶች ሲመራመር አልነበረም። በዘመኑ የምድር ስበት የሚለካው በፔንዱለም ስለነበር፣ አየሩ ውዝዋዜውን ምን ያህል እንደሚያዘገየው ማወቅ ግድ ነበር። የቀደሙት ስሌቶች የፈሳሽን ውስጣዊ ሰበቃ ከቁጥር ስላላስገቡ ከሙከራው ጋር አልገጠሙም። ስቶክስ በ1850 መጨረሻ ባቀረበው ጥናት ሰበቃውን አስገባ። ውዝዋዜው እጅግ ሲዘገይ ሉሉ ቀጥ ብሎ እንደሚጓዝ ይቆጠራል፤ በዚህ ጊዜ የሚገታው ኃይል የፍጥነቱ፣ የራዲየሱና የፈሳሹ ዝልግልግነት ብዜት በ6 ፓይ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ይህ ኃይልና ሽቅብ ግፊቱ ተደምረው ከክብደቱ ጋር ሲተካከሉ ቅንጣቱ በማይለዋወጥ ፍጥነት ይሰምጣል። ፍጥነቱም የሚያድገው በራዲየሱ ስኩዌር ነው፤ ስለዚህ ዲያሜትሩ 2 ማይክሮሜትር የሆነ የሸክላ አፈር ቅንጣት በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃ ውስጥ 10 ሳንቲሜትር ለመውረድ 8 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። የአፈር ላቦራቶሪዎች ዛሬም የሚተማመኑት በዚሁ ነው።

ስቶክስ ራሱ ውጤቱን ያዋለው ደመና ለምን በአየር ላይ እንደሚቆይ ለማስረዳት ነበር። ሆኖም የአየር ዝልግልግነት ከእፍግታው ጋር ይመጣጠናል ብሎ ስለገመተ፣ ያገኘው የዝልግልግነት ዋጋ ከትክክለኛው አንሶ የጠብታዎቹ ፍጥነት በዛ። ግምቱን በ1860ዎቹ ያፈረሰው ማክስዌል ነው። የደመናው ማብራሪያ ግን አልወደቀም፤ እንዲያውም ተጠናከረ፤ ትክክለኛው ፍጥነት ይበልጥ ዝግተኛ ነውና።

በ1857 ሲያገባ በኮሌጁ ደንብ መሠረት የፌሎውነት ቦታውን አጣ፤ ደንቡ ሲሻሻል ተመለሰ። ከ1854 እስከ 1885 የሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ ሆኖ የሌሎችን ጽሑፎች ሲመረምርና ሲያርም ኖረ። ለሳይንስ ማኅበረሰቡ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ለራሱ ምርምር ግን ውድ ዋጋ አስከፍሎታል።

ስቶክስ ከሞተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሚሊካን የኤሌክትሮንን ሙል በዘይት ጠብታ ሲለካ በዚሁ ሕግ ተጠቀመ፤ ለእጅግ ጥቃቅን ጠብታዎች ግን ማስተካከያ ጨመረበት። የመጨረሻ ውጤቱ በጥቂቱ ያነሰውም በተጠቀመበት የአየር ዝልግልግነት ዋጋ ምክንያት መሆኑ በ1930ዎቹ ታወቀ።