ቶማስ ኤዲሰንና አራት ዓመት የዘገየው መብራት

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል ረጲ በሚባለው ስፍራ፣ የከተማውን ጥራጊ አቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲያመነጭ የታሰበ ጣቢያ ተሠርቷል። የተመረቀው በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. ሲሆን ይህም አስቀድሞ ከተነገረለት ጊዜ ዘግይቶ ነው። እኛም ስለዚሁ ጣቢያ ስንነጋገር አንድ የቆየ ታሪክ ትዝ አለን፤ የኤሌክትሪክ መብራትን በኒውዮርክ ከተማ በየቤቱ ያስገባው ሰው ራሱ በጥቂት ሳምንታት አደርሰዋለሁ ያለውን ሥራ ያደረሰው በአራት ዓመት ነበረ።

ዛሬ በብዙ አገሮች ገና ያልተሠራ የቤት ዕቃ ለሕዝብ ይታወጅና፣ የሚፈልገው ሰው ሁሉ ገንዘቡን አስቀድሞ አዋጥቶ ዕቃው ተሠርቶ እስኪደርሰው የሚጠብቅበት ልማድ ተስፋፍቷል። ዕቃው በቀጠሮው የማይደርስበት ጊዜም ብዙ ነው። ገንዘብ ያዋጣው ሰው ተታለልሁ ይላል፤ ሠሪው ደግሞ አንዱን በእጅ መሥራትና መቶ ሺሁን በፋብሪካ መሥራት ፍጹም የተለያየ ሥራ መሆኑን የሚያውቀው ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ነው። ስለ ቶማስ አልቫ ኤዲሰን ብልኅነት ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ስለ መዘግየቱ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤዲሰን በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1847 በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር ማይላን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ትምህርት ቤት የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ አስተማሪ የነበሩት እናቱ በቤት አስተማሩት። በ12 ዓመቱ በባቡር ላይ ጋዜጣና ከረሜላ ይሸጥ ጀመር፤ ቆየት ብሎም ቴሌግራፍ ተምሮ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ ሠራ። ጆሮው ከልጅነቱ ጀምሮ የደከመ ነበረ። የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት ወረቀት ያገኘው በ1869 ሲሆን፣ ዕቃውም የምክር ቤት አባላት ድምፅ ሲሰጡ በቅጽበት የሚቆጥር መሣሪያ ነበረ። መሣሪያው በደንብ ይሠራ ነበር፤ የሚገዛው ግን ጠፋ። የምክር ቤት ሰዎች ድምፁ ቶሎ እንዲቆጠር አልፈለጉም፤ ቆጠራው ሲጓተት እርስ በርስ ለመወያየትና ለመለማመን ጊዜ ያገኙ ነበርና። ወጣቱም ከዚያ ወዲህ ገዥ የሌለውን ነገር ላለመሥራት ወሰነ። በ1876 ሜንሎ ፓርክ በሚባል የኒውጀርሲ መንደር የሙከራ ቤቱን አቋቋመ፤ በተከታዩም ዓመት ድምፅን ቀርጾ መልሶ የሚያሰማውን ፎኖግራፍ ሠርቶ ዓለምን አስደነቀ። በዚህ ጊዜ ዕድሜው ገና 30 ዓመት ነበረ።

ነገሩ የሚጀምረው በሴፕቴምበር ወር 1878 ነው። ኤዲሰን አንሶኒያ ወደምትባል የኮኔቲከት ከተማ ሄዶ፣ ዊልያም ዋላስ የተባለ ባለፋብሪካ የሠራቸውን ብርቱ የኤሌክትሪክ መብራቶች ተመለከተ። እነዚያ መብራቶች በሁለት የከሰል ዘንጎች መካከል የሚነድዱ፣ ለአደባባይና ለፋብሪካ እንጂ ለመኝታ ቤት የማይሆኑ፣ ዓይን የሚያጥበረብሩ ነበሩ። በዚያ ዘመን የትልልቅ ከተሞች ቤቶች የሚበሩት በቧንቧ በሚመጣ ጋዝ ነው። ኤዲሰን ይህን ብርቱ መብራት ቆራርሶ እንደ ጋዝ በየክፍሉ ለማከፋፈል አሰበ። አንድ ሳምንት ያህል እንዳለፈም ጋዜጠኞችን ጠርቶ ችግሩ እንደ ተፈታና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የኒውዮርክን ታችኛ ክፍል እንደሚያበራ አስታወቀ። በእጁ የነበረው ግን ጥቂት ደቂቃ በርቶ የሚቀልጥ የፕላቲኒየም ሽቦ ነበረ።

ወሬው እንደ ተሰማ የጋዝ ኩባንያዎች አክሲዮን በኒውዮርክና በለንደን ወደቀ። ግሮስቨነር ላውሪ የተባለ የሕግ ጠበቃ ገንዘብ ካላቸው ሰዎች ጋር ተነጋግሮ በኦክቶበር 1878 በ300,000 ዶላር ካፒታል የኤዲሰን ኤሌክትሪክ መብራት ኩባንያ እንዲቋቋም አደረገ። ከባለአክሲዮኖቹ መካከል የባንክ ባለቤቱ የጄ. ፒ. ሞርጋን ሸሪኮችና ከቫንደርቢልት ቤተ ሰብ ወገን የሆኑ ሰዎች ነበሩበት። ለሙከራው መጀመሪያ የተመደበው 50,000 ዶላር ነው። እነዚህ ሰዎች የገዙት አንድም ሰው በቤቱ አብርቶ ያላየውን መብራት ነው። በእኛ አስተያየት ኤዲሰን ሆን ብሎ አላታለላቸውም፤ ነገር ግን የሚመኘውንና ያለውን አልለየም፤ ገንዘብ ለሰጠው ሰው ደግሞ ሁለቱ ለየብቻቸው ሊነገሩት ይገባ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራው በመሰናክል ተሞላ። ፕላቲኒየም ውድ ነው፤ ደግሞም ብርሃን ለመስጠት ከሚያስፈልገው ሙቀት ጥቂት ብቻ ሲያልፍ ይቀልጣል። ሽቦው ሊቀልጥ ሲል ኃይሉን የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ ቢሠሩለት መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ አስቸገረ። ጋዜጠኞች መብራቱን ለማየት ሲመጡ በሩ ይዘጋባቸው ጀመር። በ1879 የጸደይ ወራት ባለገንዘቦቹ ራሳቸው ሜንሎ ፓርክ ድረስ ሄደው መብራቱ እንዲታያቸው ጠየቁ፤ ተደርድረው የነበሩት መብራቶች ቀላ ብለው፣ ጥቂት ደምቀው፣ ከዚያም ተበላሽተው ክፍሉ ጨለመ። ከባለአክሲዮኖቹም ገንዘቡ ባከነ የሚሉ ተነሡ። ላውሪ ግን ለመናቸው፤ ሌላ ገንዘብም ተሰጠ።

ነገሩን ያቀናው በዚያው ዘመን ወደ ሙከራ ቤቱ የገባ ፍራንሲስ አፕተን የተባለ ሒሳብ ዐዋቂ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ተማሪዎች ይህን ልብ ብለው ይመልከቱ። ብዙ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ መብራት ወፍራም የመዳብ ሽቦ ያስፈልገዋል፤ ለአንድ ሰፈር የሚበቃው መዳብ ዋጋው ኩባንያውን ሁሉ የሚያራቁት ነበረ። ስለዚህ የመብራቱ ክር እጅግ ቀጭንና ኤሌክትሪክን አጥብቆ የሚገታ መሆን ነበረበት፤ ያን ጊዜ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይበቃዋል፤ የሚያመጣለትም ሽቦ ቀጭን ይሆናል። በዚህም ላይ በባዜቃ የሚሠራ ጥሩ ፓምፕ ተገኝቶ በብርጭቆው ውስጥ ያለውን አየር ከሞላ ጎደል መጥጦ ማውጣት ስለ ተቻለ፣ ከዚህ በፊት ወዲያው ይቃጠል የነበረው ከሰል እንደ ገና ተሞከረ። በኦክቶበር 1879 ከሰል እስኪሆን በእሳት የጠቆረ የስፌት ክር ከ13 ሰዓት በላይ በራ። የዓመቱ መጨረሻ ሲደርስ ሜንሎ ፓርክ በመብራት አሸብርቃ ለሕዝብ ተከፈተች፤ ሰውም በልዩ ባቡር እየመጣ ተመለከተ። በእንግሊዝ አገር ጆሴፍ ስዋን የተባለ ሰው በዚያው ጊዜ ተመሳሳይ መብራት ሠርቶ ስለ ነበረ፣ ሁለቱ በ1883 በለንደን በአንድ ኩባንያ መተባበራቸውን መጥቀስ ይገባል።

የብዙ ሰዎች መጽሐፍ እዚህ ላይ ያበቃል። የኤዲሰን እውነተኛ መከራ ግን ገና መጀመሩ ነበረ።

መብራቱ ተሠርቷል፤ ነገር ግን አምፑሉን የሚሸጥ ፋብሪካ፣ ዲናሞ፣ በምድር ውስጥ የሚቀበር ሽቦ፣ ማብሪያና ማጥፊያ፣ የፍጆታ መቁጠሪያ፣ አንዱም በገበያ አይገኝም። የኩባንያው ሹማምንት የፈጠራ መብቱን እያከራዩ ትርፍ መሰብሰብ እንጂ ፋብሪካ መክፈት አልፈለጉም። ኤዲሰን የራሱን አክሲዮን እየሸጠ፣ ከባልደረቦቹ ከባችለር፣ ከክሩዚና ከበርግማን ጋር እየተሻረከ ፋብሪካዎቹን አቋቋመ። በ1880 በሜንሎ ፓርክ የተከፈተው የአምፑል ፋብሪካ ሒሳብ በተለይ ለወጣት የሒሳብ ሹማምንት የሚያስገርም ነው። ኤዲሰን አንዱን አምፑል በ40 ሳንቲም ለኩባንያው ለማቅረብ ተዋዋለ። እርሱ ራሱ በኋላ እንደ ተረከው በመጀመሪያው ዓመት አንዱ አምፑል 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም ያህል ፈጀ፤ በሁለተኛው 70 ሳንቲም፤ በሦስተኛው 50 ሳንቲም። የሚሸጠው ብዛት በየዓመቱ ስለ ጨመረ፣ አምፑሉ እየረከሰ ሲሄድ ኪሳራው ከፍ አለ። በአራተኛው ዓመት ወጪው 37 ሳንቲም ሲሆን በሦስቱ ዓመት የጠፋው ሁሉ በአንድ ዓመት ተመለሰ፤ በመጨረሻም ወጪው 22 ሳንቲም ደረሰ።

ይህ ቅናሽ ለሁሉም ደስታ አልነበረም። ሽቦውን ከብርጭቆው ጋር የሚያጣብቁ የእጅ ባለሙያዎች ያለ እነርሱ ሥራው እንደማይሆን ዐውቀው ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ ኤዲሰን ግን ያንኑ ሥራ የሚሠራ መኪና በስውር አዘጋጅቶ ካበቃ በኋላ ማኅበሩ እንዲበተን ሆነ። የሰውየውን ጥበብ የሚያመሰግን ሰው ይህንንም አብሮ ሊያውቅ ይገባዋል።

ክሩም ቢሆን እንደ ገና ተለወጠ። የስፌት ክሩ በወረቀት ተተካ፤ ወረቀቱም ቶሎ እየተሰበረ ስላስቸገረ በ1880 የበጋ ወራት ቀርከሃ ተሞከረ። ሰዎች ወደ ሩቅ ምሥራቅ ተልከው ከብዙ የቀርከሃ ዓይነቶች የጃፓኑ ተመረጠ፤ ከ1,000 ሰዓት በላይም በራ።

የሽቦው ነገር ከአምፑሉ የባሰ ነበረ። በሜንሎ ፓርክ በእንጨት ሣጥን ተደርጎ የተቀበረው የመጀመሪያው ሽቦ ኃይሉን ወደ መሬት እያፈሰሰ ስላስቸገረ ተቆፍሮ ወጣ፤ የሚሸፍነውም ቅባት እስኪገኝ ድረስ ሬንጅና ልዩ ልዩ ዘይት እየተቀቀለ ሲሞከር ወራት አለፉ። ከዚያ ደግሞ መንገድ ለመቆፈር የኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት ፈቃድ ተጠየቀ፤ የምክር ቤቱ ሰዎች ሜንሎ ፓርክ ተጋብዘው መብራት አዩ፣ ራትም በሉ፣ ፈቃዱ ግን የተገኘው በ1881 ነው። ቁፋሮው በሌሊት ይካሄድ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ መሬቱ በብርድ ስለ ደረቀ ቁፋሮው ቆመ። በመጨረሻ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መሥመር በብረት ቧንቧ ተቀበረ።

በ1882 የበጋ ወራት ሁሉም የተጠናቀቀ መሰለ። ፐርል በሚባለው ጎዳና በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ እያንዳንዳቸው 27 ቶን ያህል የሚመዝኑ ዲናሞዎች ተተከሉ። ሁለቱ ባንድነት እንዲሠሩ ሲደረግ ግን አንዱ የእንፋሎት ሞተር ሲፈጥን ሌላው እየዘገየ፣ ዞሮ ደግሞ የዘገየው እየፈጠነ፣ ሕንፃው በጩኸትና በመናወጥ ተሞልቶ ሠራተኞቹ ወደ ውጭ ሸሹ። ሞተሮቹን በሌላ ዓይነት መለወጥ አስፈለገ።

በሴፕቴምበር 4 ቀን 1882 ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ኃይሉ ተለቀቀ፤ ኤዲሰን በሞርጋን ባንክ ቢሮ ቆሞ መብራቱን አበራ። በዚያን ቀን የበሩት አምፑሎች 400 ያህል ናቸው። ለደንበኞቹ የመጀመሪያው የሒሳብ ወረቀት የተላከው በጃንዋሪ 1883 ነው። የፈጁትን ኃይል ለማወቅ መርማሪው በመቁጠሪያው ውስጥ ያሉትን የዚንክ ሳህኖች እያወጣ ይመዝን ነበረ። ከዚያ ወዲህ መብራቱ በየአገሩ ተሰራጨ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥትም ገባ።

ኤዲሰን ከዚህ ሁሉ ምን ተማረ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ቶሎ አይገኝም። በ1890 በሆዷ ትንሽ ፎኖግራፍ ያላት የምትናገር አሻንጉሊት ለገበያ አወጣ፤ የሰሙ ቅርጽ ቶሎ ስለሚያልቅና መሣሪያው በመንገድ ስለሚሰበር ገዥዎች እየመለሱ አስቸገሩ፤ ሽያጩም በጥቂት ሳምንታት ቆመ። ከዚያም የብረት ማዕድን ከድንጋይ በማግኔት እለያለሁ ብሎ በኒውጀርሲ ተራራ ላይ የብዙ ዓመት ድካምና ገንዘብ አጠፋ። ኩባንያዎቹም ተዋሕደው በ1892 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሲባሉ የእርሱ ስም ቀረ።

እኛን ይበልጥ የሚያስገርመን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ለኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የሚሆን ከኒኬልና ከብረት የተሠራ ባትሪ አዘጋጅቶ ከ1903 ጀምሮ ሸጠ፤ በዚህም ጊዜ እንደ ልማዱ በጋዜጣ ብዙ አስወርቶ ነበር። ወዲያው ባትሪው እያፈሰሰ ኃይሉም እየደከመ መጣ። ብዙ ገዥዎች ግን አላማረሩም፤ ትእዛዙም ይመጣ ነበር። ኤዲሰን 57 ዓመት ሞልቶት ሳለ ፋብሪካውን ዘጋ፤ የተሸጡትንም ባትሪዎች ከገዥዎቹ መልሶ ገዛ። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ያህል በሺህ የሚቆጠር ሙከራ አድርጎ በ1909 አዲሱን ባትሪ አወጣ። በዚያን ጊዜ ፎርድ በቤንዚን የሚሄደውን ርካሽ መኪና መሸጥ ጀምሮ ስለ ነበረ ባትሪው የታሰበለትን ገበያ አጣ፤ ነገር ግን በማዕድን ጉድጓድ መብራትና በባቡር ምልክት ላይ ለረጅም ዘመን አገልግሏል።

ኤዲሰን በኦክቶበር 18 ቀን 1931 በ84 ዓመቱ በዌስት ኦሬንጅ ሞተ። በአሜሪካ ብቻ 1,093 የፈጠራ መብት ወረቀት በስሙ ተመዝግቦ ነበር። በቀብሩ ቀን ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር ለክብሩ የመላ አገሩን የኤሌክትሪክ ኃይል ለአንድ ደቂቃ ለማቋረጥ አስበው ነበር። ነገር ግን ይህን ማድረግ የሰው ሕይወት ላይ አደጋ እንደሚያመጣ ስለ ታወቀ፣ በዚያ ምሽት በአራት ሰዓት እያንዳንዱ ሰው በፈቃዱ የቤቱን መብራት እንዲያጠፋ ብቻ ተጠየቀ።