ድምፅን በዓይን ያሳየ መምህር

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ሲባል ሁላችንም ቴሌፎንን እናስባለን፤ እርሱ ግን ከሁሉ አስቀድሞ መምህር ነበረ። የተወለደው በ1847 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በስኮትላንድ አገር በኤዲንበርግ ከተማ ነው። እናቱ ጆሮዋ የደከመ ነበረ። ሌሎች በጆሮ ቀንድ ሲያናግሯት እርሱ ግን ወደ ግንባርዋ ተጠግቶ በዝግታና በወፍራም ድምፅ ያጫውታት ነበር።

አባቱ የንግግር መምህር ሲሆን የሚታይ ንግግር የሚባለውን ጽሕፈት በ1867 አሳተመ። ምልክቶቹ የከንፈርን፣ የምላስንና የጉሮሮን አቀማመጥ ያሳያሉ፤ በ ሲባል ከንፈር ይገጥማል፣ ተ ሲባል የምላስ ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ሥር ይነካል። ስለዚህ ድምፅ ሰምቶ የማያውቅ ልጅ እንኳ ምላሱ የት ላይ እንደ ሳተ በዓይኑ አይቶ ያርማል። ወጣቱ ቤል የውሻውን መንጋጋና ጉሮሮ በእጁ እየያዘ ጩኸቱን ንግግር እስከ ማስመሰል ደርሶ ነበር፤ ምስኪን ውሻ!

ሁለት ወንድሞቹ በሳንባ ነቀርሳ ስለ ሞቱ ቤተ ሰቡ በ1870 ወደ ካናዳ ተሻገረ። በሚቀጥለው ዓመት ቤል በቦስተን መስማት የተሳናቸውን ልጆች በዚሁ ጽሕፈት ያስተምር ጀመር። ከተማሪዎቹ አንዷ፣ በልጅነቷ በሕመም መስማት ያቆመችው ሜብል ሀባርድ፣ በ1877 ሚስቱ ሆነች። የቴሌፎኑን ፈቃድ ያገኘው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው።

አንድ ነገር ግን መሸሸግ አይገባም። ቤል ልጆቹ በአፍ ብቻ እንዲማሩ ፈልጎ የምልክት ቋንቋን ከትምህርት ቤት ለማስወጣት ታገለ። መስማት የተሳናቸው ብዙ ሰዎች እስከ ዛሬ ያዝኑበታል፤ እውነታቸውንም ነው። አንዲት ፊደል ለማስተካከል ብዙ ቀን የሚደክም ልጅ እስከዚያው ሐሳቡን በምን ይግለጽ?

ቤል በ1922 በካናዳ ሞተ። በቀብሩ ሰዓት የሰሜን አሜሪካ ቴሌፎኖች ለአንድ ደቂቃ ጸጥ አሉ።