ብረትም እንደሚደክም ያስረዳው አውጉስት ቮለር

በሜይ 8 ቀን 1842 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ የምድር ባቡር፣ የሞተሩ የመንኰራኵር ዘንግ በድንገት ተሰበረ። ሠረገላዎቹ እርስ በርሳቸው ተደራረቡ፤ እሳትም ተነሣ። በሮቹ ተቈልፈው ስለ ነበር ከሃምሳ የማያንሱ መንገደኞች በውስጥ እንዳሉ ተቃጠሉ። ዕውቁ መርከበኛ ዱሞን ዱርቪልም ከሚስቱና ከልጁ ጋራ በዚያው ሞተ።

በዚያ ቀን አውጉስት ቮለር የእኛን ዕድሜ ያህል፣ የ22 ዓመት ወጣት ነበር። በ1819 በሃኖቨር አገር ሶልታው በምትባል ከተማ ተወልዶ፣ በሃኖቨር ተምሮ፣ በበርሊን በቦርሲግ ፋብሪካ ሠራ። በ1847 የአንድ የፕሩሲያ ምድር ባቡር የሠረገላና የጥገና አለቃ ሆኖ በኦደር ወንዝ ዳር ባለችው ፍራንክፉርት ተቀመጠ።

ባለሙያዎችን ሁሉ ያስጨነቀው ነገር ይህ ነው፤ አዲስ ዘንግ ሲፈተን እጅግ ከባድ ጭነት ይችላል፤ ከዓመታት በኋላ ግን ከዚያ በሚያንስ ጭነት እንደ ሸክላ ቀጭ ይላል። ብዙዎች መንቀጥቀጡ የብረቱን ባሕርይ ለውጦ እንደ ጨው ቅንጣት ያደርገዋል ብለው ያምኑ ነበር። ቮለር ግን በግምት አልረካም። ከሠረገላው በታች መለኪያ አስሮ፣ ዘንጉ በጕዞ ላይ ምን ያህል እንደሚጐብጥና ምን ያህል እንደሚጠመዘዝ መዝግቦ በ1858 አሳተመ።

ሽቦ በእጁ ወዲያና ወዲህ እያጠፈ የሰበረ ሰው ነገሩን አይስተውም። የተጫነበት ዘንግ አንዱ ጐኑ ሲሳብ ሌላው ይታመቃል፤ ግማሽ ዙር ሲዞር ይገለበጣል፤ ይህም በየኪሎ ሜትሩ በመቶ የሚቈጠር ጊዜ ይደጋገማል። ቮለር አንዳንዱ እያዞረ የሚያጐብጥ፣ አንዳንዱ የሚጠመዝዝ የመፈተኛ መኪና ሠርቶ እስከ 1870 ድረስ ደከመ። አንዳንዱ ናሙና ከመቶ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተፈትኖ እንኳ አልተሰበረም። (እኛ የአንድ ሴሚስተር ጥናት ይሰለቸናል!) ብረትን የሚሰብረው የጭነቱ ትልቅነት ብቻ ሳይሆን የመለዋወጡ ስፋትና የመደጋገሙ ብዛት መሆኑን አስረዳ፤ ከተወሰነ ልክ በታች ከሆነ ግን ብረቱ ሳይሰበር እንደሚቈይ አገኘ። ዘንጉ ከወፍራም ወደ ቀጭን በሚያልፍበት ቦታ ስለታም ማዕዘን ካለው ቶሎ እንደሚሰበርም አሳየ። ለእኔ ትልቁ ሥራው ይህ ነው፤ ማዕዘኑን አለዝቦ ማዞር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነውና።

ማጕበጥንና መጠምዘዝን በአንድ ናሙና ላይ አጣምሮ በሰፊው መፈተን ለኋለኞች ቀረ፤ እንግሊዞቹ ጎፍና ፖላርድ ውጤታቸውን በ1935 አወጡ።

ቮለር በኋላ በስትራስቡርግ የባቡር ሹም ሆኖ እስከ 1889 አገለገለ። በ1914 በሃኖቨር ሲሞት 94 ዓመቱ ነበር። ዛሬ መሐንዲሶች በስሙ የሚጠሩትን መሥመር እርሱ አልሣለውም፤ የተወው የቍጥር ሠንጠረዥ ብቻ ነበር፤ ሥዕሉን የሠሩት ሌሎች ናቸው።