ሉዊጂ ብሮሊዮ፡ ከኬንያ ባሕር ላይ ወደ ከዋክብት ምሥጢር መንገድ የጠረጉት መሐንዲስ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እአአ) ዲሴምበር 12/1963 ናይሮቢ ውስጥ የብሪታኒያ ባንዲራ ወርዶ የነጻዪቱ ኬንያ ባንዲራ ተሰቀለ። ሥነ ሥርዓቱ የተከናወነበት ሥፍራ ዛሬ ኡሁሩ ጋርደንስ ይባላል። ኡሁሩ በስዋሂሊ ቋንቋ ነጻነት ማለት ነው።

ልክ በሰባተኛው ዓመት፣ በዚያው ቀን፣ ከማሊንዲ ከተማ አቅራቢያ ባሕር ላይ ከቆመ መድረክ አንድ ሮኬት ተወነጨፈ። የተሸከመው ሳተላይት ኡሁሩ የሚል ስም ተሰጠው። መድረኩ ከዚያ ባሕር ላይ እንዲቆም ያደረጉት ሰው ደግሞ ሉዊጂ ብሮሊዮ የተባሉ ጣልያናዊ መሐንዲስ ነበሩ።

ብሮሊዮ እአአ በ1911 በቬኒስ አቅራቢያ በምትገኘው ሜስትሬ ተወለዱ። በጣልያን አየር ኃይል እስከ ጄኔራልነት ማዕረግ የደረሱ ሲሆን፣ በሮም ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ የኤሮስፔስ ምሕንድስና ትምህርት ቤትን መርተዋል። ሶቪየት ኅብረትና አሜሪካ በጠፈር ሲፎካከሩ፣ ከጦርነት ፍርስራሽ ገና ያገገመችው አገራቸውም ድርሻ ሊኖራት ይችላል ብለው አመኑ።

እአአ በ1962 ጣልያንና አሜሪካ የሳን ማርኮ ፕሮጀክትን ለማካሄድ ተስማሙ። አሜሪካ ስካውት የተባለውን ሮኬት ታቀርባለች፤ ጣልያን ሳተላይቱን ትሠራለች፣ ታስወነጭፋለችም። በብሮሊዮ የሚመራው ቡድን እአአ ዲሴምበር 15/1964 የመጀመሪያዋን የጣልያን ሳተላይት ከአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት አመጠቀ። በውስጧም ብሮሊዮ የነደፉት፣ የላይኛውን ከባቢ አየር እፍጋት የሚለካ መሣሪያ ነበር።

የብሮሊዮ ዋነኛ ሐሳብ ግን የምድር ወገብ ነበር። ምድር በራሷ ዛቢያ ስትሽከረከር በወገቧ ላይ ያለው ፍጥነት በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ የሚነሳ ሮኬት ይህን ፍጥነት ያለ ነዳጅ ያገኛል። ከፊቱ ሕንድ ውቅያኖስ የተንጣለለ በመሆኑም የሮኬቱ ስብርባሪ በሰው ላይ አይወድቅም። የኬንያ ጠረፍ ይህን ሁሉ አሟልቶ ተገኘ።

መሐንዲሶቹ ባሕር ላይ ሁለት መድረኮችን አቆሙ። ሳን ማርኮ የተባለው ለማስወንጨፊያ፣ ሳንታ ሪታ የተባለው ደግሞ ለመቆጣጠሪያ ዋለ። እአአ ኤፕሪል 26/1967 ሳን ማርኮ 2 ሳተላይት ከዚያ ተነስታ ምህዋሯን ያዘች።

ከሦስት ዓመት በኋላ የኡሁሩ ተራ ደረሰ። የሳይንሱን ቡድን የመሩት ጣልያን ተወላጁ ሪካርዶ ጃኮኒ፣ የናሳን ፕሮጀክት ያስተዳደሩት ደግሞ ማርጆሪ ታውንሴንድ ነበሩ። የኬንያ የነጻነት ቀን ስም ለሳተላይቱ እንዲሰጥ ያደረጉትም ታውንሴንድ ናቸው።

በሕክምናው ዓለም ራጅ የምንለው ኤክስሬይ ከከዋክብትም ይመነጫል፤ የምድር ከባቢ አየር ግን ስለሚያግደው ከመሬት ሆኖ ማየት አይቻልም። ቀደም ሲል የተላኩ ሮኬቶች ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ አይተው ይመለሱ ነበር። ኡሁሩ ግን ለኤክስሬይ ሥነ ፈለክ ብቻ የተሠራ የመጀመሪያው ሳተላይት እንደመሆኑ ሰማዩን ያለማቋረጥ ቃኘ። በምድር ወገብ ዙሪያ በመብረሩም የመመርመሪያዎቹን ሥራ ከሚያውከው፣ በደቡብ አትላንቲክ ሰማይ ላይ ከሚያይለው ጨረር ራቀ። ሥራው ሲጠናቀቅ 339 የኤክስሬይ ምንጮች ተመዝግበው ነበር።

ከእነዚህ አንዱ ሲግነስ ኤክስ-1 ነው። ይህ ምንጭ ቀደም ብሎ ቢታወቅም፣ ጨረሩ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደሚለዋወጥ ያሳየው ኡሁሩ ነው። እንዲህ በፍጥነት የሚለዋወጥ ነገር እጅግ ትንሽ መሆን አለበት። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ቦታውን ሲያነጣጥሩ ያገኙት ግን ትንሽ ነገር ሳይሆን አንድ ግዙፍ ሰማያዊ ኮከብ ነበር።

የኮከቡ የላይኛ ገጽ ሙቀት 30,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይደርሳል፤ የፀሐይ 5,500 ገደማ ነው። ሰማያዊ ያደረገው ይኸው ሙቀት ነው። ብርሃኑ ከፀሐይ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር እጥፍ ይበልጣል። ነዳጁንም በዚያው ልክ ያባክናል፤ ፀሐይ 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ስትኖር፣ እንዲህ ያሉ ከዋክብት ጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ብቻ ኖረው ያበቃሉ።

ኮከቡ በየ5.6 ቀኑ በማይታይ ጓደኛ ስበት ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ከገጹ እንደ ነፋስ የሚነሳው ቁስ ወደዚያ ጓደኛ ሲወድቅ በሚሊዮን ዲግሪዎች ይግልና ኤክስሬይ ይረጫል። እአአ በ2021 ይፋ የሆነ ልኬት የኮከቡን መጠነ ቁስ ከፀሐይ 40 እጥፍ፣ የጓደኛውን 21 እጥፍ ገደማ አድርጎ አስቀምጦታል። ይህን ያህል ቁስ ይዞ የማይታይና እጅግ ትንሽ የሆነ አካል ብላክ ሆል ከመሆን ሌላ አሳማኝ ማብራሪያ አልተገኘለትም። ለብላክ ሆል መኖር የመጀመሪያው ጠንካራ ማስረጃ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

እስከ 1988 ድረስ ዘጠኝ ሳተላይቶች ከዚያ መድረክ ወደ ምህዋር ተልከዋል። ብሮሊዮ በተሻሻለ ሮኬት ሥራው እንዲቀጥል ቢሟገቱም ሐሳባቸው አልተሳካም፤ መድረኮቹም ጸጥ አሉ። እርሳቸው እአአ ጥር 2001 በሮም አረፉ። በቀጣዩ ዓመት ጃኮኒ በኤክስሬይ ሥነ ፈለክ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሽልማቱ የግኝት እንጂ የማስወንጨፊያ አይደለም፤ ያለ ማስወንጨፊያው ግን ኡሁሩ አይነሳም ነበር።

በማሊንዲ ያለው የጠፈር ማዕከል ዛሬ በብሮሊዮ ስም ይጠራል። በናይሮቢም ኡሁሩ የሚለው ቃል በመናፈሻና በአውራ ጎዳና ስም ላይ በየዕለቱ ይነሳል። ያ ስም በአንድ ወቅት 7,200 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ በሚገኝ ሰማያዊ ኮከብ አጠገብ የተደበቀን ጨለማ ለመግለጥ በቅቷል።