አሚር ኑር፤ የጀጎል ግንብ አሠሪ

ሐረርን የጎበኘ ሁሉ የጀጎልን ግንብ ያደንቃል፤ ስለ አሠሪው የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድን የምናውቀው ዐፄ ገላውዴዎስን በጦር ሜዳ ድል በመንሣቱ ብቻ ነው። በሐረር ግን ስሙ ከከተማይቱ ሕልውና ጋር ተያይዞ ይነሣል። ስለዚህ ታሪኩን ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ኑር የኢማም አሕመድ ግራኝ የእኅት ልጅ ነበረ። ኢማሙ በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ከወደቀ በኋላ ሚስቱ ባቲ ድል ወንበራ ወደ ሐረር ተመለሰች። ኑር የባሏን ደም ሊመልስ ቃል ገብቶላት እንዳገባት ይነገራል። በ1544 ዓ.ም. ገደማም አሚርነቱን ያዘ።

በዚያን ዘመን ሐረር በሁለት ወገን ተጨንቃ ነበር። በአንድ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ያሠጋታል፤ በሌላው በኩል የኦሮሞ ሠራዊት ከደቡብ እየገፋ ይመጣል። ኑርም ከተማይቱን በድንጋይና በጭቃ ግንብ አስከበባት። የግንቡ ቁመት 4 ሜትር ያህል፥ ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለአምስቱ ሰፈሮች አምስት በሮች ተደረጉለት። በሮቹ ጥቂት በመሆናቸው ገቢና ወጪውን መጠበቅ፥ ሌሊትም ከተማይቱን መዝጋት ቀላል ሆነ።

መጋቢት 27 ቀን 1551 ዓ.ም. ኑር ገላውዴዎስን ወግቶ ገደለው፤ የንጉሡም ራስ ተቆርጦ ወደ ሐረር ተወሰደ። ይሁን እንጂ ድሉ ብዙ አልጠቀመውም። ወዲያው ሐዘሎ ላይ ከኦሮሞ ሠራዊት ጋር ተዋግቶ እጅግ ብዙ ወታደር አለቀበት። ረኀብና ወረርሽኝም ተከተለ፤ በ1560 ዓ.ም. ገደማ ራሱ ኑር በዚያው በሽታ ሞተ።

በ1569 ዓ.ም. የሱልጣኑ መንበር ወደ አውሳ ሲዛወር ሐረር በግንቧ ውስጥ ቀረች። ገበያዋን፥ መስጊዶቿንና ቋንቋዋን ጠብቃ እስከ ዛሬ ደረሰች። ጀጎልም በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ገላውዴዎስን የገደለውና ሐረርን ያጠረው አንድ ሰው ነው። ስለ አንደኛው ሥራው የሚያዝን፥ ስለ ሁለተኛው የሚያመሰግን አለ፤ ሁለቱም ወገኖች የአንድ አገር ልጆች ናቸው። እኛ የታሪክ ተማሪዎች ግን አንዱን ገጽ አንብበን ሌላውን ብንዘለው፥ የአገራችንን ታሪክ እኩሌታ ብቻ ይዘን መውጣታችን ነው።