መኮንን ሀብተ ወልድ፦ ከመጋረጃው ጀርባ የነበሩት የመድረክ አሰናዳጅ

በኢትዮጵያ የቴአትርና የሙዚቃ ታሪክ ስማቸው የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ደራሲው፣ ዘፋኙና ተዋናዩ ናቸው። ሰው የሚሰበስበው፣ ገንዘብ የሚያፈላልገውና አዳራሽ የሚያስገኘው አሰናዳጅ ከመጋረጃው ጀርባ ይቀራል። አቶ መኮንን ሀብተ ወልድ ከዚህ ወገን ነበሩ። ከቤተ ክህነት ሰዎች ቤት ተወልደው የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰሙ፣ ኋላም በመንግሥት ሥራ ወደ ላይ የወጡ ሰው ናቸው። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ታናሽ ወንድማቸው ነበሩ።

የኢጣልያ ወረራ ሊጀምር ሦስት ወር ያህል ሲቀረው፣ ሐምሌ 11 ቀን 1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር በእሳቸው አስተባባሪነት ተመሠረተ። ዓላማው ማዝናናት አልነበረም፤ ሕዝቡን ለመጪው ጦርነት ማንቃት ነበር። ሆኖም ሕዝብን ለመሰብሰብ ንግግር ብቻ እንደማይበቃ አስተባባሪዎቹ ቶሎ ተረድተዋል። ስለዚህ መዝሙርና ዘፈን ከንግግሩ ጋር ተያያዙ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ ማኅበሩ ተበተነ፤ መኮንንም ተሰደዱ።

ከነጻነት በኋላ ማኅበሩ ሲያንሰራራ መልኩ ተለወጠ። በፒያሳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ አደባባይ ብዙ ሳይርቅ፣ ቋሚ መድረክ አገኘ፤ ቴአትርና የባህል ሙዚቃም ዋና ሥራው ሆኑ። በዚያ ዘመን አዝማሪነት ከንቀት ጋር የሚታይ ሙያ ነበር። ሴት በመድረክ መታየቷም ነውር ስለነበር መጀመሪያ የሴቶቹን ገጸ ባሕርያት የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። በመንግሥት ትልቅ ሥልጣን ያለው ሰው ለእንዲህ ያለው ሙያ ከለላ መሆኑ ቀላል ነገር አልነበረም። የማሲንቆና የክራር ተጫዋች ከጠጅ ቤት ወጥቶ በመጋረጃ ፊት ቆሞ እንዲደመጥ ያደረገው ትልቁ ምክንያት ይኸው ከለላ ሳይሆን አይቀርም።

ማኅበሩ በከተማው ብቻ አልተወሰነም፤ ጓዶቹ ወደ ክፍላተ ሀገር ይጓዙ ነበር። ከእነዚህ ጉዞዎች አንዱ ወሊሶ ላይ ኢዮኤል ዮሐንስንና ንጋቷ ከልካይን ከአንድ ትንሽ ተማሪ ጋር አገናኘ። ልጁ ጥላሁን ገሠሠ ነበር። በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ በሀገር ፍቅር ተቀጠረ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተሻገረ። የሀገር ፍቅር ችግር እዚህ ላይ ይታያል፦ ያሠለጠናቸውን የተሻለ ደመወዝና ዘመናዊ መሣሪያ ያላቸው ይወስዱበት ነበር። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት ደግሞ ፉክክሩ በረታ።

ከቦንጋ ሆኖ ለሚያየው ሌላም ጥያቄ ይነሣል። የካፋ መንግሥት የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሻሮቾ የተማረኩት በ1890 ዓ.ም. መባቻ ሲሆን ማኅበሩ ሲመሠረት ገና 38 ዓመት አልሞላም። ማኅበሩ በስሙ የያዘው ሀገር መላው ኢትዮጵያ ነበር፤ የተውኔቶቹ ቋንቋ ግን አማርኛ ነበር። ካፊኖኖ ተናጋሪው በዚያ መድረክ ራሱን በራሱ ቋንቋ የሚያገኝበት ዕድል ጠባብ ነበር። ይህን ጉድለት በመኮንን ላይ ብቻ መጫን ፍትሕ አይሆንም፤ የዘመኑ የመንግሥት አስተሳሰብ ነበርና።

ሌላው ገጽታቸው ይበልጥ አከራካሪ ነው። ንግድንና ገንዘብን በሚኒስትርነት ያስተዳደሩት መኮንን፣ ለአለባበስና ለምቾት እምብዛም የማይጨነቁ፣ በጥቂት የሚኖሩ ሰው ነበሩ። በዚያው ልክ ሰፊ የወሬ አቀባዮች መረብ እንደነበራቸውና ለንጉሠ ነገሥቱ መረጃ ያቀርቡ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ስለዚህ ለአርቲስቱ አባት፣ ለተቀናቃኙ ግን የሚፈሩ ሰው ነበሩ።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሲያካሂዱ፣ መኮንን ከሌሎች መኳንንትና ሚኒስትሮች ጋር በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታገቱ። ሙከራው ሲከሽፍ ታጋቾቹ ላይ ተተኮሰ፤ እሳቸውም ከሞቱት አንዱ ሆኑ። የገደላቸው ወገን፣ የሀገር ፍቅር ያፈራውን ድምፃዊ የወሰደው ያው ክፍል መሆኑ ይገርማል። ጥላሁንም የክቡር ዘበኛ ባልደረባ በመሆኑ ተጠርጥሮ ታሰረ።

መኮንን የመጀመሪያውን የአማርኛ ረጅም ፊልም፣ ሂሩት አባቷ ማነውን፣ ለማየት አልታደሉም፤ ፊልሙ የወጣው ከሞቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የተገደሉበት ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የፒያሳው አዳራሽም በሀገር ፍቅር ስም ቴአትር ማሳየቱን ቀጠለ።